መቅድሙ የጠፋ ሰነድ፦ የሰነድ ዓይነት መግለጫ፣ ኤክስኤምኤልና የግዕዝ ፊደል

አጠቃሎ

በኤክስኤምኤል የተዘጋጀ ሰነድ በራሱ ላይ «የዚህ ዓይነት ሰነድ ነኝ፤ ደንቤም በዚህ ቦታ ይገኛል» የሚል መግለጫ ሊሸከም ይችላል። መግለጫው ሲጎድል፣ ሲበላሽ ወይም የጠቀሰው ደንብ ከቦታው ሲታጣ ሰነዱ ምን ይሆናል? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በታሪኩ በኩል ይመረምራል። ዋና ማሳያው የግዕዝ ፊደል ነው፤ ይህ ፊደል በኤክስኤምኤል ሰነድ ውስጥ እንደ ንባብ ከመጀመሪያው ሲፈቀድ፣ እንደ ስም ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ተከልክሎ ቆይቷል። የጽሑፉ መከራከሪያ የአካባቢያችንን ቋንቋዎች የያዘ ሰነድ ለመነበብ የሚያስፈልገውን ሁሉ በራሱ ውስጥ ሊይዝ ይገባል የሚል ነው፤ ሩቅ ባለ ደንብ ላይ የተንጠለጠለ ሰነድ ማንም ሳያውቅ ሊጎድል ይችላልና። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

1. መግቢያ

የብራና መጻሕፍትን የሚመረምር ሰው የመጀመሪያ ቅጠሉ የወደቀ መጽሐፍ ሲያጋጥመው ሥራውን አያቆምም። ርእሱና መቅድሙ ባይኖሩም ይዘቱን፣ የእጁን ጽሕፈት፣ በመጨረሻው ገጽ የተጻፈውን የባለቤትነት ቃል አይቶ መጽሐፉ ምን እንደሆነና በየትኛው ዘመን እንደተጻፈ ይገምታል። ግምቱንም ግምት ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ የጠፋውን ቅጠል እንዳለ አድርጎ አይቈጥርም። ይህ ልማድ ረጅም ዕድሜ ያለው ነው፤ በኤሌክትሮኒክ ሰነዶች ላይ ግን ገና አልሰረጸም።

የኤሌክትሮኒክ መዝገበ ቃላት፣ የተሰበሰበ የቃል ጽሑፍ ወይም የብራና ካታሎግ በኤክስኤምኤል ሲዘጋጅ በመጀመሪያው መስመር አካባቢ የሰነድ ዓይነት መግለጫ ሊኖረው ይችላል። በባለሙያዎች ዘንድ ዶክታይፕ የሚባለው ይህ ነው። መግለጫው የሰነዱን ዋና ኤለመንት ስም ይናገራል፤ እንዲሁም ዲቲዲ የሚባለውን የሰነድ ዓይነት ደንብ ወይ በውስጡ ይዞ ይገኛል ወይም የሚገኝበትን አድራሻ ይጠቁማል። ደንቡ ደግሞ የትኛው ኤለመንት በየትኛው ውስጥ እንደሚገባ፣ አትሪቢዩቶች ምን ዋጋ እንደሚይዙ፣ ኢንቲቲ የሚባሉት ምትክ ስሞችም በየትኛው ፊደል ወይም ጽሑፍ እንደሚተኩ ይወስናል። ሰነዱን የሚያነብበው ፕሮግራም፣ ማለትም ፓርሰሩ፣ በዚህ መግለጫ ላይ ተመሥርቶ ይሠራል ወይም ጭራሹኑ ይተወዋል። የትኛውን እንደሚያደርግ ሰነዱን ያዘጋጀው ሊቅ ብዙ ጊዜ አያውቅም። የአደጋው ምንጭም ይህ አለማወቅ ነው።

2. መግለጫው ግዴታ ከመሆን ወደ አማራጭነት

የኤክስኤምኤል አባት ኤስጂኤምኤል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቁጥር 8879 አጸደቀው። በዚህ ሥርዓት ሰነዱ ደንቡን የግድ ይፈልግ ነበር። ምክንያቱ ቴክኒካዊ ነው፤ ኤስጂኤምኤል ጸሐፊው የመዝጊያ ምልክቶችን እንዲዘል ይፈቅድ ነበርና አንድ አንቀጽ የት እንደሚያበቃ ፓርሰሩ የሚያውቀው ከደንቡ ብቻ ነበር። ደንቡ የሌለው ሰነድ ወሰን የሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል።

ኤክስኤምኤል 1.0 በፌብሩዋሪ 1998 በድረ ገጽ ጉባኤው፣ ማለትም በደብልዩ3ሲ፣ ጸደቀ። አዘጋጆቹ ቲም ብሬይ፣ ዣን ፓዎሊና ሲ. ኤም. ስፐርበርግ ማክዊን ነበሩ። አዲሱ ሥርዓት የመዝጊያ ምልክት መዝለልን ከለከለ፤ በዚህም ደንቡ ባይኖርም የሰነዱ ወሰንና አወቃቀር በግልጽ እንዲታወቅ አደረገ። ከዚህ የተነሣ ሁለት የማይመሳሰሉ ደረጃዎች ተፈጠሩ። የመጀመሪያው ቅርጸ ሥርዓቱን የጠበቀ ሰነድ ነው፤ ምልክቶቹ በሚገባ ተከፍተው የተዘጉ፣ መግለጫ ይኑረው አይኑረው ለውጥ የማያመጣ። ሁለተኛው ደንቡን ያከበረ ሰነድ ነው፤ መግለጫ ያለው፣ በመግለጫው ከተጠቀሰው ደንብ ጋርም ተመሳክሮ የተገኘ። የመጀመሪያውን ያጎደለ ሰነድ የሚገጥመው ቅጣት ጽኑ ነው፤ ፓርሰሩ ስሕተቱን አስታውቆ መደበኛ ንባቡን ማቆም አለበት። ሁለተኛውን ያጎደለ ሰነድ ግን ሊነበብ ይችላል።

«የጎደለ» እና «የተበላሸ» መግለጫ በዚህ መሠረት አንድ አይደሉም። መግለጫ የሌለው ሰነድ ጥፋተኛ አይደለም። መግለጫው ኖሮ አጻጻፉ የተዛባ ሰነድ ግን ከነአካሉ ውድቅ ይሆናል፤ ለምሳሌ መግለጫው ከዋናው ኤለመንት በኋላ ከተቀመጠ፣ ቁልፍ ቃሉ በላቲን ንኡስ ፊደላት ከተጻፈ፣ ወይም የደንቡ የወል መጠሪያ ተጠቅሶ አድራሻው ከተዘለለ። የመጨረሻው ስሕተት ታሪካዊ ሥር አለው፤ በኤስጂኤምኤልና በቀደሙት የኤችቲኤምኤል ሰነዶች የወል መጠሪያውን ብቻ መጻፍ የተፈቀደ ነበር። ከ1990ዎቹ የተረፉ ፋይሎችን ወደ ኤክስኤምኤል የሚያዛውር ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው እንቅፋት ይኸው ነው። እንግዲህ የተሳሳተ መግለጫ ከመያዝ ምንም አለመያዝ የሚሻልበት ሥርዓት ተፈጠረ ማለት ነው።

3. በ1998 ያልነበረ ፊደል

ኤክስኤምኤል 1.0 ሲዘጋጅ መሠረቱ ዩኒኮድ 2.0 ነበር። የግዕዝ ፊደል በዚያ እትም አልነበረም። ወደ ዩኒኮድ የገባው በሴፕቴምበር 1999፣ በእትም 3.0 ነው፤ 384 ቦታዎች ተመድበውለት 345ቱ በፊደላት፣ በሥርዓተ ነጥብና በአኃዝ ተሞሉ። ከዚያ በፊት ግዕዝን በኮምፒውተር የሚጽፉ ሁሉ እያንዳንዱ አምራች ባበጀው የፊደል ሰንጠረዥ ይጠቀሙ ነበር፤ ወይም ደግሞ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ እንዳዘጋጁት ሴራ የተባለ ሥርዓት ግዕዙን በላቲን ፊደላት ይወክሉ ነበር።

የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ልዩነት ቀላል ይመስላል። ውጤቱ ግን ከዐሥር ዓመት በላይ ዘለቀ። ኤክስኤምኤል 1.0 በሰነዱ ንባብ ውስጥ ለወደፊት የሚጨመሩ ፊደላትን ጭምር ፈቅዶ ነበር፤ ስለዚህ ከ1999 በኋላ አማርኛ፣ ትግርኛም ሆነ ግዕዝ በሰነዱ ሆድ ውስጥ ያለ ችግር ሊጻፍ ይችል ነበር። ለስሞች ግን የተፈቀዱት ፊደላት አንድ በአንድ ተዘርዝረው ነበር፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያልተጠቀሰ ሁሉ የተከለከለ ነው። ስም ማለት እዚህ ላይ የኤለመንት ስም፣ የአትሪቢዩት ስም፣ የምትክ ስም፣ እንዲሁም አንድን ክፍል ከሌላው የሚለይ መታወቂያ ሁሉ ነው። ስለዚህ «መዝገበ ቃላት» በሚል ዋና ኤለመንት የሚጀምር የሰነድ ዓይነት መግለጫ፣ ክፍተቱን በሰረዝ ሞልተው ቢጽፉት እንኳ፣ ቅርጸ ሥርዓቱን ያላከበረ ሆኖ ይጣል ነበር።

የኤለመንት ስም በላቲን መጻፉ ለብዙዎች የሚታለፍ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገሩ የሚከብደው መታወቂያው ላይ ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ አንዱን ቃል ከሌላው ጋር ለማያያዝ እያንዳንዱን ገባ ቃል በመታወቂያ ይሰይማል፤ በጣም የሚቀናውም ቃሉን ራሱን መታወቂያ ማድረግ ነው። ግዕዝ በስም ስላልተፈቀደ አዘጋጁ ወደ ላቲን ውክልና እንዲመለስ ተገደደ። ሴራን የመሰለው ውክልና ደግሞ «ተ»ን በላቲን ንኡስ ፊደል፣ «ጠ»ን በዚያው ፊደል ዐቢይ ቅርጽ ይለያል። «መታ» እና «መጣ» በዚህ ሥርዓት የሚለያዩት በአንድ ፊደል መተለቅና ማነስ ብቻ ነው። በኤስጂኤምኤል መደበኛ ሥርዓት ግን የኤለመንት ስሞችና መታወቂያዎች ሁሉ ወደ ዐቢይ ፊደል ተለውጠው ይነጻጸሩ ነበር፤ ሁለቱ ግሦች አንድ መታወቂያ ይሆናሉ ማለት ነው። ኤክስኤምኤል ንኡሱን ከዐቢዩ መለየቱ ይህን አደጋ አስወገደ። ሆኖም ንኡስና ዐቢይ የማያውቅ ፊደል፣ ስሙን ለመጻፍ ይህን ልዩነት ከሚያውቅ ፊደል ተበድሮ መኖሩ አልቀረም።

4. ሁለት መፍትሔዎችና መዘዛቸው

ጉዳዩን በይፋ ያነሣው በ2001 የወጣውና በጆን ካወን አዘጋጅነት የተጻፈው፣ ብሉቤሪ የሚል ቅጽል የተሰጠው የደብልዩ3ሲ የመነሻ ረቂቅ ነው። ረቂቁ ከዩኒኮድ 2.0 በኋላ የገቡ ፊደላት ተጠቃሚዎች በራሳቸው ፊደል ስም ማውጣት እንዳይችሉ መደረጋቸውን በችግርነት መዘገበ፤ ግዕዝም ከነዚህ አንዱ ነበር። ከመስመር መጨረሻ ምልክቶች ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄም አብሮ ቀረበ። ተቃዋሚዎች ነበሩ፤ መከራከሪያቸውም ጥቂቶች ለሚጠቀሙበት ነገር ሲባል በዓለም ያሉ ፓርሰሮችን ሁሉ ማናጋት አይገባም የሚል ነበር።

የመጀመሪያው መፍትሔ በፌብሩዋሪ 2004 የጸደቀው ኤክስኤምኤል 1.1 ነው። የስም ሕጉ በዚህ ተገለበጠ፤ የተፈቀደውን ከመዘርዘር የተከለከለውን ወደ መዘርዘር ተሻገረ። ከእንግዲህ ለሚመጡ ፊደላትም በሩ ተከፈተ። ነገር ግን ሰነዱ በመጀመሪያው መስመር «እትም 1.1» ብሎ ራሱን ማሳወቅ ነበረበት፤ 1.0ን ብቻ የሚያውቅ ፓርሰር ይህን ሲያይ ሰነዱን አይቀበልም። በግዕዝ ስም ማውጣት የፈለገ ሰው ሰነዱ በብዙ ቦታ እንዳይነበብ መፍቀድ ነበረበት። ብዙዎች አልፈቀዱም፤ 1.1ም ሳይስፋፋ ቀረ።

ሁለተኛው መፍትሔ በኖቬምበር 2008 የወጣው የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም ነው። ይህ እትም የ1.1ን ሰፊ የስም ሕግ ወስዶ በ1.0 ውስጥ አስገባ፤ ቁጥሩን ግን አልቀየረም። ለግዕዝ ተጠቃሚ ትልቅ ድል ነበር። ለሰነድ ታሪክ ግን አዲስ እንቆቅልሽ ወለደ። «እትም 1.0» ብሎ የሚጀምር፣ ኤለመንቶቹ በአማርኛ የተሰየሙ ሰነድ በአምስተኛው እትም ትክክል፣ በአራተኛው ስሕተት ነው፤ ሰነዱ ደግሞ የትኛውን እትም እንደሚከተል የሚናገርበት ቦታ የለውም። ሊብኤክስኤምኤል2 የተባለው ሰፊ አገልግሎት ያለው ፓርሰር በዚያው በ2008 አዲሱን ሕግ ሲቀበል፣ በጃቫ ዓለም የተስፋፋው ዜርክሰስ በአራተኛው እትም ጸና። ያው ፋይል በአንዱ ኮምፒውተር ተነቦ በሌላው «የተበላሸ» የሚባለው ስለዚህ ነው። ጥፋቱን ከሰነዱ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

አዲሱ ሕግ ስፋቱ ያመጣቸው፣ ለፊደላችን ብቻ የሚታዩ ሁለት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው የሁለት ነጥብ ነገር ነው። ለአማርኛና ለግዕዝ ጽሕፈት «፡» የቃል መለያ ነው፤ ለኤክስኤምኤል ግን እንደማንኛውም ፊደል ነው፤ ክፍተት አይደለም፣ የተከለከለም አይደለም። በዚህ ምክንያት «የመጽሐፍ፡ስም» አንድ ስም ይሆናል፤ «የመጽሐፍ ስም» ግን ሊሆን አይችልም። በአኃዝም እንዲሁ ነው፤ በ«1» የሚጀምር ስም ሲከለከል በ«፩» የሚጀምር ይፈቀዳል። ሁለተኛው ይበልጥ የሚያሳስበው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። ፓርሰር ስሞችን የሚያነጻጽረው ፊደል በፊደል፣ በኮዳቸው ነው። «ጸሐፊ» በደንቡ ታውጆ በሰነዱ «ፀሃፊ» ተብሎ ቢጻፍ ሁለቱ የማይተዋወቁ ስሞች ናቸው። አማርኛ አንባቢ በንባቡ የሚያስታርቀውን ልዩነት ደንቡ አያስታርቅም። በራስ ፊደል ስም የማውጣት መብት የተገኘው ከራስ የፊደል አጠቃቀም ክርክር ጋር ተያይዞ ነው።

5. ደንቡ ሲጠፋ፦ ጩኸትና ዝምታ

እስካሁን ስለ ስሞቹ ተናገርን። ደንቡ ራሱ በሌላ ቦታ ተቀምጦ ሰነዱ አድራሻውን ብቻ ሲጠቅስ የሚሆነውን እንመልከት። ኤክስኤምኤል ሰነድን ከደንቡ ጋር የማያመሳክር ፓርሰር በሰነዱ ውስጥ የተጻፈውን ደንብ እንዲያነብብ ያስገድዳል፤ በውጭ ያለውን ግን እንዲያነብብ አያስገድድም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙዎች እንግዳ ነው።

አንድ የቆየ ፋይል «ፀ»ን በቀጥታ ሳይጽፍ በምትክ ስም ወክሎታል እንበል፤ የምትኩ ፍቺ የሚገኘው በውጭው ደንብ ነው። መግለጫው ጨርሶ ከጠፋ ፓርሰሩ ያልታወጀ ምትክ ስም አግኝቷልና ንባቡን ያቆማል፤ ጩኸቱ ሰውን ያነቃል፤ ችግሩም ይፈለጋል። መግለጫው በቦታው ኖሮ የተጠቀሰው ደንብ ካልተነበበ ግን ያው ስሕተት ገዳይ መሆኑ ይቀራል። ፓርሰሩ ምትክ ስሙን ዘልሎ ሊያልፍ ይችላል። «ፀሐይ» «ሐይ» ትሆናለች፤ «ዓፄ» በሚለው ቃል «ፄ»ም እንዲሁ ተወክላ ከሆነ «ዓ» ብቻ ይቀራል። ምንም የስሕተት መልእክት ላይታይ ይችላል። ለቋንቋ ተመራማሪ ይህ ዝምታ ከጩኸቱ እጅግ የከፋ ነው። ጠፍተው የቀሩት ፊደላት በቃላት ቆጠራ ላይ እንደ እውነተኛ ቅርጽ ይቈጠራሉ፤ እንግዳ ቅርጽ የቀበሌኛ መለያ ተደርጎ እስከ መተንተን ይደርሳል።

ሁለተኛው ዝምታ በአትሪቢዩት ላይ ነው። ደንቡ «ቋንቋው ካልተጠቀሰ ግዕዝ ነው» የሚል የነባሪ ዋጋ ሊይዝ ይችላል፤ አዘጋጁም በዚያ ተማምኖ በሰነዱ ውስጥ ቋንቋውን አይጽፍም። ደንቡ ሲጠፋ ሰነዱ ቋንቋ አልባ ይሆናል። ፊደሉን አይቶ መመለስ አይቻልም፤ ግዕዝ፣ አማርኛ፣ ትግርኛና ትግረ ፊደሉን ይጋራሉ። «ቤት» የሚለው ቃል ብቻውን ግዕዝ ነው ወይስ አማርኛ? በመዝገቡ ውስጥ ያለው «ነገረ» የግዕዝ ግሥ ነው ወይስ የአማርኛ? መልሱ የነበረው በጠፋው ፋይል ውስጥ ነው።

ደንቦች ከቦታቸው የሚጠፉ መሆናቸውም በታሪክ ታይቷል። ኔትስኬፕ ለአርኤስኤስ 0.91 ያወጣው ደንብ በ2001 ከድረ ገጹ ተነሣ፤ በ2007 መጀመሪያ ላይ ዳግመኛ ሲታጣ አድራሻውን የሚጠቅሱ የዜና ምንጮች በዓለም ዙሪያ ታወኩ። ባለደንቡ ሲኖርም ችግር አለ፤ በ2008 ደብልዩ3ሲ ለደንቦቹና ለመሰል ፋይሎቹ በቀን እስከ 130 ሚሊዮን ጥያቄ እንደሚቀርብለት አስታወቀ። ብዙ ፕሮግራሞች ዓመታት ሙሉ ያልተለወጠን ፋይል በየንባቡ ዳግመኛ ያስመጡ ነበር። በሦስተኛ ደረጃ የደኅንነት ስጋት መጣ፤ ተንኰለኛ ሰው የውጭ ምትክ ስም አውጆ ፓርሰሩ የኮምፒውተሩን ምስጢራዊ ፋይል እንዲያነብብለት ያደርጋል፤ ወይም ምትክ በምትክ እየደራረበ ማህደረ ትውስታውን ያጥለቀልቃል። ኦዋስፕ በ2017 ይህን የውጭ ምትክ ስም ጥቃት ከዐሥሩ ዋና የድር ስጋቶች መካከል መደበው። የፓርሰር አምራቾች የውጭ ደንብ ማንበብን፣ አንዳንዴም መግለጫውን ራሱን በነባሪነት መዝጋት ጀመሩ። ውሳኔው ትክክለኛ ነው። ዋጋውን ከሚከፍሉት መካከል ግን በመግለጫው ተማምነው ፊደላቸውን በምትክ የወከሉ የቆዩ የቋንቋ ስብስቦች ይገኙበታል።

6. ከካርቱም ሲታይ

ይህ ታሪክ በካርቱም ለሚሠራ የቋንቋ ሊቅ የሌላ አገር ወሬ አይደለም። በከተማው አጠገብ ለአጠገብ የሚጠኑ ቋንቋዎችን ፊደላት በኤክስኤምኤል ዓይን ብንደረድራቸው ሦስት ዕጣ እናገኛለን። የዐረብኛ ፊደል በዩኒኮድ ከመነሻው ስለነበረ ከ1998 ጀምሮ ለስም ተፈቅዷል። ነገር ግን ለአፍሪካና ለእስያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉት ተጨማሪ የዐረብኛ ፊደላት ክፍል የገባው በ2005፣ በእትም 4.1 ነው፤ ዐረብኛ ላልሆነ ቋንቋ በዐረብኛ ፊደል የሚጽፍ ሰው እንደ ግዕዝ ጸሐፊው በር ላይ ቆሞ ነበር። ጥንታዊው ኑቢያኛና ዛሬ በዚያው ፊደል እንዲጻፍ ጥረት የሚደረግለት ኖቢን የሚፈልጓቸው ልዩ ፊደላትም በዚያው በ2005 ከቅብጥ ፊደላት ክፍል ጋር ገቡ።

ሦስተኛው ግዕዝ ነው። በ2005 ለጉራጌ ልሳናት፣ ለብሊንና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ፊደላት ተጨመሩ። በ2010፣ በእትም 6.0፣ 32 ፊደላት ሲገቡ ከተገልጋዮቹ አንዱ ጉሙዝ ነበር፤ ጉሙዝ በቤኒሻንጉል ጉሙዝም ሆነ ድንበሩን ተሻግሮ በሱዳን በኩል ይነገራል። በ2021 ደግሞ፣ በእትም 14.0፣ ለጉራጌ አጻጻፍ 28 ተጨማሪ ፊደላት ተመዘገቡ። እነዚህ ዘግይተው የመጡ ፊደላት በስም ለመጻፍ የሚቻሉት የ2008ቱ ሕግ በሩን አስቀድሞ ስለከፈተላቸው ነው። አሮጌው ሕግ ባለበት ፓርሰር ግን የጉሙዝ ቃል መታወቂያ ሊሆን አይችልም።

ሱዳን ስለ አጻጻፍ መግለጫ የቆየ ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1928 በረጃፍ የተደረገው የቋንቋ ጉባኤ ለዲንካ፣ ለኑዌር፣ ለባሪ፣ ለሺሉክ፣ ለዛንዴና ለሌሎችም የደቡብ ቋንቋዎች የላቲን አጻጻፍ አበጀ፤ በ1950ዎቹ ደግሞ ኸሊል ዓሳኪር ለደቡቡ ቋንቋዎች የዐረብኛ ፊደል አጻጻፍ አዘጋጀ። በሁለቱም ዘመናት የተጻፈውን ዛሬ ለማንበብ የሚያስፈልገው በጊዜው የወጣው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ከጽሑፉ ተለይቶ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ቢቀመጥ ጽሑፉ በዚያ ቤተ መጻሕፍት ዕድሜ ይለካል። ይህ ግምታዊ ስጋት ብቻ አይደለም። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ከተቀሰቀሰ በኋላ፣ በሜይ ወር በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ወረቀት እንደሚቃጠል ሁሉ ሰርቨርም ይጠፋል፤ በሰርቨሩ ላይ የነበረ ደንብ ሲጠፋ ደግሞ በሌላ አገር በደኅና የተቀመጠው ቅጂ ሳይቀር ትርጉሙ ይጎድላል።

በጎ ምሳሌም አለ። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 የተጀመረው ቤተ መጻሕፍት የተባለው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች ፕሮጀክት መግለጫዎቹን በቲኢአይ ሥርዓት ያዘጋጃል። ቲኢአይ ራሱ በ1994 ከኤስጂኤምኤል ደንብ ተነሥቶ፣ በ2002 ወደ ኤክስኤምኤል ተሻግሮ፣ በ2007 በወጣው ፒ5 እትሙ ዲቲዲን ከማዕከላዊ ቦታው አንሥቶ ሪላክስ ኤንጂ በተባለ የደንብ ቋንቋ ተክቶታል። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ደንቡ ሰነዱ ትክክል መሆኑን ይመረምራል እንጂ ለሰነዱ ፊደል አያበድርም፤ ደንቡ ቢጠፋ የሚቀረው ምርመራው ነው፤ ንባቡ አይነካም። የኤለመንቶቹ ስም በእንግሊዝኛ፣ ንባቡ በግዕዝ መሆኑ ዛሬ የጋራ ሥርዓትን የመጠበቅ ምርጫ ነው፤ ከ2008 በፊት ግን ምርጫ አልነበረም።

7. ለሥራችን የሚከተለው

ከታሪኩ የሚወጡት የአሠራር ደንቦች ጥቂት ናቸው። አንደኛ፣ ፊደል በራሱ፣ በዩቲኤፍ 8 ይጻፍ፤ ካልተቻለ ደንብ የማይሻው የቁጥር ውክልና ይበቃል፤ «ሀ» በዚህ 4608፣ «ፀ» 4928 ናቸው። ምትክ ስም ለፊደል አይዋል። ሁለተኛ፣ ቋንቋው በሰነዱ ዋና ኤለመንት ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ለነባሪ ዋጋ አይተው። ሦስተኛ፣ ደንቡ ከሰነዱ ጋር በአንድ ማህደር ይቀመጥ፤ የሩቁን አድራሻ ወደ ቅርቡ ቅጂ የሚመራ፣ ካታሎግ የሚባለው ማውጫም አብሮ ይሁን። አራተኛ፣ በግዕዝ ስም የሚያወጣ ሰው የትኛውን ሞክሼ ፊደል እንደሚጠቀም አስቀድሞ ይወስን፤ ሁለት ነጥብንም በስም ውስጥ አይጠቀም።

መግለጫው የጎደለበት ወይም የተበላሸበት የቆየ ፋይል ሲደርሰን ደግሞ የብራና መርማሪውን ልማድ እንከተል። ዋናው ፋይል እንደመጣ ይቀመጥ፤ ሥራው በቅጂው ላይ ይሁን። ስሕተቱ በመግለጫው ነው ወይስ በአካሉ የሚለው ይለይ። ፓርሰሮች የሚያቀርቡት «እንዳቻለህ አንብብ» የሚል አማራጭ የተቋረጠውን ንባብ ያስቀጥላል፤ ነገር ግን ያላወቀውን ሊጥል ስለሚችል ውጤቱ ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል ሳይመሳከር አይታመን። ፍቺ ያጡ ምትክ ስሞች ሁሉ ተዘርዝረው ይውጡ፤ ፍቺያቸው ከታተመ ቅጂ፣ ከሌላ ፋይል ወይም ከዐውዱ ይፈለግ፤ የተገኘውም በሰነዱ ውስጥ ባለ አጭር ደንብ ይታወጅ። ከዐውዱ ብቻ የተገመተው ግምት መሆኑ፣ ማን በየትኛው ቀን እንደገመተው በሰነዱ መቅድም ይመዝገብ።

ይህ ሥራ አድካሚ ነው፤ በአንድ ስብስብ ላይ ወራት ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን የ1990ዎቹን የፊደል ሰንጠረዦችና የላቲን ውክልናዎች በእጃቸው የሚያውቁ ሰዎች ዛሬ በሕይወትና በሥራ ላይ አሉ፤ ምትክ ስሙ ለየትኛው ፊደል እንደቆመ ጠይቆ መረዳት ይቻላል። ከአንድ ትውልድ በኋላ ተመራማሪው የሚኖረው ማስረጃ ፋይሉ ብቻ ነው። በየክፍላችን ያሉትን የቆዩ ስብስቦች መዝግበን፣ በውጭ ደንብ ላይ የተንጠለጠሉትን ለይተን ማደስ የምንጀምርበት ጊዜ ይህ ነው።